ያለ ድኝ የሚቀቀል እንጨት፦ የሶዳ ፐልፕ ታሪክና የጎጃም ባሕር ዛፍ

ወረቀት ወደ ጎጃም ከመድረሱ በፊት በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች የሚነበበው ሁሉ የተጻፈው በብራና ላይ ነበር። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ በውሃ ዘፍዝፎ ያለሰልሳል፤ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ በጠፍር ወጥሮ ሥጋውንና ስቡን በመፋቂያ ያነሣል፤ ጠጉሩን ይላጫል፤ ቆዳው በደረቀም ጊዜ ቀለም እንዳይፈስበት በሻካራ ድንጋይ ያሸዋል። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማስወገድ ሥራ ነው፤ የማይፈለገው ሁሉ ሲነሣ የሚጻፍበት ገጽ ይቀራል። ወረቀትም ከእንጨት የሚወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው። ብራና ፋቂው በስለት የሚያነሣውን፣ ወረቀት ሠሪው በፈላ ኬሚካል ያሟሟዋል።

እንጨት በጥቅሉ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። አንደኛው ሴሉሎስ ሲሆን፣ ወረቀት የሚሆነው ቃጫ፣ ማለትም እንደ ክር የቀጠነው የእንጨቱ ሕዋስ፣ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ሁለተኛው ሄሚሴሉሎስ የሚባለው፣ ከሴሉሎስ ጋር የሚቀራረብ ነገር ግን አጠር ያለና በቀላሉ የሚሟሟ ስኳር መሳይ ቁስ ነው። ሦስተኛው ሊግኒን ነው፤ ጭቃ የግድግዳን ማገር እንደሚይዝ ሁሉ እርሱም ቃጫዎቹን አጣብቆ የሚይዝ ቡናማ ሙጫ ነው። ሊግኒኑ ተሟሙቶ ቃጫዎቹ ሲለያዩ የሚገኘው ርጥብ ቡክት ፐልፕ ይባላል፤ ወረቀት የሚባለውም ፐልፑ በወንፊት ላይ ተነጥፎ፣ ተጨምቆና ደርቆ ነው።

የቻይና ታሪክ የወረቀትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ105 በቤተ መንግሥት ሹሙ በፃይ ሉን ስም ይመዘግበዋል። በኋላ በቻይናና በጃፓን በጸናው አሠራር፣ የእንጆሪ ዘመድ የሆነ ዛፍ ልጣጭ በአመድ ውሃ ወይም በኖራ ውሃ ይቀቀል ነበር። የአመድ ውሃ አልካሊ ነው፤ አልካሊ ማለት ቅባትንና ሙጫን የሚበላ፣ ለጣት የሚያሟልጭ፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ በምሁራን ዘንድ «ከድኝ ነጻ የኬሚካል ፐልፕ» እየተባለ እንደ አዲስ ነገር የሚነሣው ዘዴ በመሠረቱ ከሁሉ የቆየው ነው፤ ባሩድ ለመቀመም የሚያገለግለው ቢጫው ድኝ ወደ ወረቀት ሥራ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በአውሮፓ ወረቀት ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራው ከአሮጌ የበፍታና የጥጥ ጨርቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጣና ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ግን ጨርቁ አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 ቻርልስ ዋት እና ሂዩ በርጀስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝ አገር እንጨትን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅለው ፐልፕ አወጡ፤ በ1854ም የአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ኮስቲክ ሶዳ፣ በኬሚስቶች አጠራር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከአመድ ውሃ ጋር አንድ ወገን የሆነ፣ ነገር ግን እጅግ የበረታ አልካሊ ነው። አሠራሩ ሲገለጽ ቀላል ይመስላል፦ ግንዱ ተልጦ በአውራ ጣት መጠን ይሰነጠራል፤ ስንጣሪው በብረት መቀቀያ ውስጥ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዘግቶ ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በእንፋሎት ግፊት ለሰዓታት ይበስላል፤ ሲከፈትም ቡናማ ፐልፕና የሟሟው ሊግኒን ያለበት ጥቁር ፈሳሽ ይገኛል። በርጀስ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በ1860ዎቹ አጋማሽ በፊላደልፊያ አጠገብ በማናያንክ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ፋብሪካ ተተከለ። የሚቀቀለው ዛፍ በዋናነት ፖፕላር የተባለው ሰፊ ቅጠል ዛፍ ነበር፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፎችን በሁለት ወገን ይከፍላሉ። ጽድና ዝግባ ከአንዱ ወገን ናቸው፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራርና ባሕር ዛፍ ከሌላው። የመጀመሪያውን ወገን የአውሮፓ አናጢዎች «ለስላሳ እንጨት»፣ ሁለተኛውን «ጠንካራ እንጨት» ይሉታል፤ ስሙ ግን አሳሳች ነው፤ ከ«ጠንካራው» ወገን በጥፍር የሚጫር እንጨት ይገኛል። ለወረቀት ሠሪ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የጽድ ወገን ቃጫ ወደ ሦስት ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የሰፊ ቅጠሉ ቃጫ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የጽዱ ወገን ሊግኒን ብዙውን ጊዜ ከእንጨቱ ክብደት አንድ አራተኛውን ያልፋል፤ የሰፊ ቅጠሉ በአመዛኙ ያንሳል፣ ባሕር ዛፍን የመሳሰሉት ግን ከፍ ሊሉ ይችላሉ። ከብዛቱም በላይ የሊግኒኑ ጠባይ ይለያያል። ሊግኒን ብዙ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ነው። በጽዱ ወገን እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሜቶክሲል የተባለ ጭራ ብቻ ስላለው ጎኑ ክፍት ነው፤ በሰፊ ቅጠሉ ግን አብዛኞቹ ቀለበቶች ሁለት ጭራ አላቸውና ጎናቸው የተዘጋ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ሰንሰለቱን ሲበጥስ፣ ጎናቸው ክፍት የሆኑት ቀለበቶች በአዲስ ማሰሪያ መልሰው ይጣበቃሉ፤ ጎናቸው የተዘጋው ግን እንደተበጠሱ ይሟሟሉ። ኮስቲክ ሶዳ ብቻውን ለጽዱ ወገን እጁ የሚያጥር፣ ለሰፊ ቅጠሉ ግን የሚበቃ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። የሰፊ ቅጠል ዛፍ ባለቤት የሆነ አገር ይህን አንድ ነጥብ ከያዘ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁሉ በትክክል ሊመዝን ይችላል።

ድኝ ወደ ወረቀት ሥራ የገባው በሁለት በር ነው። በአንደኛው በር ያስገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መገባደጃ ድኝ ተቃጥሎ በሚገኘው አሲድ እንጨት የመቀቀልን ዘዴ የፈጠረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቲልግማን ነው፤ ዘዴውም በስዊድን ተሻሽሎ ሰልፋይት ተባለ። ሁለተኛው በር ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በዳንዚግ ከተማ ይሠራ የነበረው ካርል ዳል እ.ኤ.አ. በ1879 በሶዳው ዘዴ የሚባክነውን ሶዲየም ለመተካት ውድ በሆነው ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ፋንታ ርካሹን ሶዲየም ሰልፌት ጥቁሩ ፈሳሽ ወደሚቃጠልበት ምድጃ ጨመረ። ሰልፌቱ በምድጃው ውስጥ ወደ ሶዲየም ሰልፋይድ ተለወጠ፤ ይህም ከኮስቲክ ሶዳው ጋር ሲቀቀል ሊግኒኑን በፍጥነት የሚፈታ፣ ሴሉሎሱን ግን ብዙም የማይጎዳ ሆኖ ተገኘ። የወጣው ወረቀት ጠንካራ ስለ ነበር ዘዴው በጀርመንኛና በስዊድንኛ ኃይል ማለት በሆነው «ክራፍት» በሚለው ቃል ተጠራ። በ1890 በስዊድን በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። በ1930ዎቹ ጥቁሩን ፈሳሽ አቃጥሎ እንፋሎትም ኬሚካልም መልሶ የሚሰጠው የቶምሊንሰን ማገገሚያ ምድጃ ሲጨመርበት የዓለምን የፐልፕ ኢንዱስትሪ ጠቀለለው።

የክራፍት ዋጋ የሚከፈለው በአፍንጫ ነው። በመቀቀያው ውስጥ ድኙ ከሊግኒኑ ጭራ ጋር ተገናኝቶ ሜቲል መርካፕታንና ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባሉ ጋዞችን ይወልዳል፤ ከምድጃው ደግሞ የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። እነዚህ ጋዞች በአየር ውስጥ እጅግ ጥቂት ሆነው እንኳ ይሸታሉ፤ ስለዚህ በክራፍት ፋብሪካ ዙሪያ ያለ ከተማ ነዋሪ ፋብሪካውን ከማየቱ በፊት ያሸተዋል። ዘመናዊ ፋብሪካዎች ጋዞቹን ሰብስበው ያቃጥላሉ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ቧንቧና መቆጣጠሪያ ግን ገንዘብ ነው።

ዳል ይህን ሲሠራ ጎጃም ባሕር ዛፍ የሚባል አያውቅም ነበር። ዛፉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ያስመጣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ መሆኑን ይመሰክራሉ። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አጥታ ከተማዋን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር በሚታሰብበት ጊዜ፣ ቶሎ የሚያድገው፣ ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ ችግሩን ፈታው። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ ከአዲስ አበባም በየከተማው፣ ከከተማውም በየባላገሩ ግቢ ተሻገረ። የዚያን ዘመን ሰው የተከለው ለማገዶና ለቤት ነበር እንጂ፣ የወረቀት ጥሬ ዕቃ መትከሉን አላሰበም። ወረቀት ግን በዚያው ዘመን ለኢትዮጵያ አስፈላጊ እየሆነ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሲቋቋም፣ የሚታተምበት ወረቀት በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ነበር፤ ብራናው በየደብሩ በእጅ ሲፋቅ ወረቀቱ ከጅቡቲ በባቡር ይጫን ነበር ማለት ነው።

ባሕር ዛፍ ወረቀት እንደሚሆን የተመሰከረው በተወለደበት በአውስትራሊያ ነው። የአውሮፓ ባለሙያዎች ቃጫው አጭር ስለሆነ አይረባም ይሉ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አይዛክ ቦአስ እና ሉዊስ ቤንጃሚን የተባሉ አውስትራሊያውያን ኬሚስቶች በሙከራ የዚህን ተቃራኒ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1938 በታዝማኒያ ደሴት በበርኒ ከተማ የተከፈተው ፋብሪካ ባሕር ዛፍን በሶዳ ዘዴ፣ ያለ ድኝ፣ እየቀቀለ የጽሕፈትና የኅትመት ወረቀት ማምረት ጀመረ። አጭሩ ቃጫ ለከረጢትና ለካርቶን ድክመት ቢሆንም ለጽሕፈት ወረቀት ጥቅም ሆኖ ተገኘ፤ ቃጫዎቹ በአንድ ግራም ብዙ ስለሆኑ ወረቀቱ ለስላሳ፣ ወፍራምና ከጀርባው የተጻፈውን የማያሳይ ይሆናል። ለጎጃም ባሕር ዛፍ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ በዓለም ላይ የለም፤ ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው፣ ዘዴው ለሰፊ ቅጠል የሚስማማው ዘዴ ነው፣ የሚያመርተውም ትምህርት ቤት የሚፈልገውን ወረቀት ነው። ፖርቱጋል ደግሞ በ1957 በካሲያ የባሕር ዛፍ ክራፍት ፐልፕ ማምረት ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ በተለይ ብራዚል በክራፍት ዘዴ የዓለምን ገበያ ይዛ፣ የሶዳው ዘዴ ወደ ጎን ተገፋ።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ስኳር ኢንዱስትሪ ጉዞ በዚያው ሰሞን በወንጂ ተጀመረ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የተከለው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1960ዎቹ መግቢያ ደግሞ በዚያው አካባቢ የወረቀት ፋብሪካ ተቋቋመ። የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፣ ማለትም ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቃጫ፣ በብዙ አገሮች በሶዳ ዘዴ ወረቀት ይሆናል፤ በስኳር ፋብሪካ ግን ምጣጩ አስቀድሞ የእንፋሎት ማፍያው ማገዶ ነው። የወንጂው ወረቀት ፋብሪካ የኖረው በአመዛኙ ከውጭ በሚገባ ፐልፕና በተሰበሰበ አሮጌ ወረቀት ነው፤ እንጨት ወይም ምጣጭ ወደ ፐልፕ የሚለወጥበት የመጀመሪያው እርምጃ በሀገር ውስጥ ሥር አልሰደደም። በጎጃም በኩል በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና በእንጨት ሥራ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሙያዎች የሚገናኙበት ስፍራ የፐልፕ ፋብሪካ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ ፋብሪካ አልተከተለም።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ ገበሬው የተከለው ዛፍ የማን እንደሆነ ርግጠኛ መሆን አቃተው፤ የደን ተከላውም ወደ ገበሬ ማኅበራት የወል ደን አዘነበለ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በካናዳ ሃሪ ሆልተን የተባለ ኬሚስት የሶዳውን ዘዴ ያነቃውን ግኝት ይፋ አደረገ። አንትራኩዊኖን የተባለ ቢጫ ዱቄት ከእንጨቱ ክብደት ከአንድ ሺሕ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲጨመር፣ የሶዳው ቅቅል ሊግኒኑን እንደ ክራፍት በፍጥነት ይፈታል፤ በሌላ በኩል የሴሉሎሱን ጫፍ አጥብቆ ከአልካሊው ይከላከላል። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ከሴሉሎሱ ኤሌክትሮን ወስዶ ለሊግኒኑ ይሰጣል፣ ተመልሶም እንደገና ይወስዳል፤ ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃው ስለዚህ ነው። በሰፊ ቅጠል ዛፎች ላይ ሶዳና አንትራኩዊኖን ተባብረው ከክራፍት ጋር የሚቀራረብ የፐልፕ መጠን ሰጡ፤ የመቀደድ ጥንካሬው ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። በእንጨቱ ላይ ተመርኩዞ ከመቶ ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ በክራፍት 50 ኪሎ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ያልነጣ ፐልፕ ሲገኝ፣ ሶዳ ብቻውን ከዚያ ጥቂት ኪሎ ያንሳል፤ አንትራኩዊኖኑ የዚህን ጉድለት አብዛኛውን ይሞላል።

የበርኒው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከዚህ ቀጥሎ ሌላ እርምጃ ሞከረ። በተለመደው መንገድ ጥቁሩ ፈሳሽ ሲቃጠል የሚቀረው ሶዳ አሽ ነው፤ ይህን ወደ ኮስቲክ ሶዳ ለመመለስ ኖራ ያስፈልጋል፤ ኖራውም ደግሞ በ1,000 ዲግሪ ገደማ በሚነድ ምድጃ መልሶ መቃጠል አለበት። በበርኒ የተሠራው ዘዴ በኖራ ፋንታ የብረት ዝገትን ይጠቀማል፦ ፈሳሹ ከብረት ኦክሳይድ ጋር ሲቃጠል ሶዲየም ፌራይት የተባለ ነገር ይሆናል፤ በሙቅ ውሃ ሲነከር ኮስቲክ ሶዳው ይለቀቅና ዝገቱ ተመልሶ ወደ ምድጃው ይገባል። ይህ የሚሆነው ፈሳሹ ድኝ ከሌለው ብቻ ነው፤ ድኝ ካለ ከብረቱ ጋር ይጣበቃልና ዑደቱ ይበላሻል። ከድኝ ነጻ የመሆን ጥቅም ከሽታ ያለፈ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም። ነገር ግን በርኒም አልዘለቀም፤ የፐልፕ ክፍሉ በ1998፣ የወረቀቱ ክፍል በ2010 ተዘጋ። ፋብሪካው ከብራዚል ግዙፍ ተቋማት አንጻር ትንሽ ነበረና፣ ርካሽ ፐልፕ በመርከብ መግዛት ከማምረት ቀለለው።

ድኝን ጥሎ አልካሊውንም የጣለ ሌላ መንገድ በካናዳ ታየ። በኒው ብራንስዊክ ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1996፣ አልሴል የተባለው ፋብሪካ የሜፕል፣ የበርችና የፖፕላር እንጨትን በኢታኖልና በውሃ ብቻ ቀቀለ፤ ኢታኖል ማለት በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። አልኮሉ ተንኖ ይመለሳል፣ ሊግኒኑም ንጹሕ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ ድኝ ያልነካው ሊግኒን ለሙጫና ለሌላ ኬሚካል ሥራ የሚፈለግ ነው። ዘዴው የሚሠራው በሰፊ ቅጠል ዛፎች ላይ ነበር፤ ለጽዱ ወገን አልተስማማም። ግፊቱ ከፍተኛ፣ አልኮሉ ተቀጣጣይ ነበረ፤ የፋብሪካው ባለቤት ኩባንያ በዕዳ ተጨንቆ ስለነበርም በ1996 ቆመ።

በእስያ የታየው ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በቻይና የገጠር ከተሞች በሺሕ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋብሪካዎች ገለባን በሶዳ ዘዴ እየቀቀሉ ወረቀት ይሠሩ ነበር፤ ድኝ አይገባባቸውም፣ አይሸቱም፤ ጥቁሩን ፈሳሽ ግን የሚያቃጥሉበት ምድጃ ስለሌላቸው ወደ ወንዝ ያፈስሱት ነበር። ከእንጨቱ ወይም ከገለባው ግማሽ ያህሉ ስለሚሟሟ፣ ለእያንዳንዱ ቶን ፐልፕ ሌላ አንድ ቶን ያህል የሟሟ ነገር ከነሶዳው ወደ ውሃው ይወርዳል ማለት ነው። ከነዚህ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በተከማቹበት የኋይ ወንዝ ተፋሰስ ውሃው ጠቁሮ ከመጠጥም ከመስኖም ወጣ። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓመት ከ5,000 ቶን በታች የሚያመርቱ የኬሚካል ፐልፕ ፋብሪካዎች እንዲዘጉ አዘዘ። ድኝ የሌለው ዘዴ ንጹሕ ነው ብሎ የሚከራከር ሁሉ፣ የኋይን ወንዝ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም።

ሌላው ችግር የተገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አንትራኩዊኖንን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው መካከል መደበው፤ የጀርመን የአደጋ ግምገማ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 ምግብ በሚነካ ወረቀት ሥራ ከሚፈቀዱ ኬሚካሎች ዝርዝር አወጣው። የሶዳውን ዘዴ ከክራፍት እኩል ያደረገው ዱቄት እንዲህ ሲነጠቅ፣ ዘዴው ለዳቦ መጠቅለያና ለምግብ ካርቶን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ጉልበቱ ተመለሰ። ለደብተርና ለመጽሐፍ ወረቀት ጉዳቱ ያን ያህል ነው ማለት አይቻልም፤ ወረቀት ሻጭ ግን ምርቱን ለአንድ ገበያ ብቻ ማምረት አይወድም።

በዚህ ጊዜ ጎጃም በባሕር ዛፍ እየተሸፈነች ነበር። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የመሬት ድልድል የገበሬውን ማሳ አሳነሰው፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ደግሞ መሬቱ በእጄ ይቆያል ብሎ ለዓመታት የሚያድግ ዛፍ እንዲተክል ልብ ሰጠው። ከደምበጫ በጅጋ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚሄደው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት የምዕራብ ጎጃም አገር ለአጣና ንግድ አመቺ ነው፤ ቀጭኑ ለማገር፣ መካከለኛው ለወራጅ፣ ወፍራሙ ለቋሚ እየተለየ ይቆለልና በጭነት መኪና ይወሰዳል፣ ልጣጩና ቅርንጫፉ ደግሞ ለምድጃ ይቀራል። በጎረቤት አዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ ብሎ የሚጠራውን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር እየተከለ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን አሻሻለ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የዝገት በሽታ ጎድቶታል። ይህም ግራር ሰፊ ቅጠል ነው፤ ወረቀት ሊሆን የሚችል ቃጫ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ እየነደደ ከመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት ይሸጣል።

ለሶዳው ዘዴ የሚያስፈልጉት ኬሚካሎች ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ተመርቶበታል፤ በዓባይ ሸለቆ ደጀን አካባቢ ያለው የኖራ ድንጋይም የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሠራበት ነው። ሶዳ አሽና ኖራ ሲገናኙ ኮስቲክ ሶዳ ይሆናሉ፤ ድኝና ሰልፌት ከውጭ መግዛት አያስፈልግም። በዚህ ረገድ የሶዳው ዘዴ የኢትዮጵያን ምድር ይመስላል። ሐይቁ ግን ከሚገባበት ውሃ ለመስኖ ስለተወሰደበትና ራሱም ስለተቀዳ እጅግ ሸሽቷል፤ የሀገሩን ኬሚካል መጠቀም ማለት የሀገሩን ሐይቅ መጨረስ ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ጥቁሩን ፈሳሽ አቃጥሎ ሶዳውን በሚመልስ ፋብሪካ የሚያስፈልገው የሚባክነውን መተካት ብቻ ስለሆነ የሐይቁ ዕዳ ቀላል ነው፤ በማይመልስ ፋብሪካ ግን በየቀኑ አዲስ ሶዳ ይጠየቃል።

በዋጋ በኩልም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ገበሬው አጣናውን ለቤት ሠሪ ሲሸጥ የሚያገኘው ዋጋ፣ ፐልፕ ፋብሪካ ለተሰነጠረ እንጨት ሊከፍለው ከሚችለው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ የብራዚል ፋብሪካዎች ከሚያስተዳድሩት ሰፊና በየስድስትና ሰባት ዓመቱ ከሚታጨድ ተክል ጋር የጎጃምን የተበታተነ የማሳ ዳር ዛፍ ማወዳደርም ከባድ ነው። ማገገሚያ ምድጃ ደግሞ ሲተልቅ ነው የሚያዋጣው፤ የሚያዋጣ ያህል ትልቅ ፋብሪካ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ብዙ እንጨት ለማግኘት ብዙ መሬት ከበቆሎና ከበርበሬ ይወሰዳል። የበርኒ አነስተኛነት ለመዘጋት እንዳበቃው፣ የኋይ ትናንሽ ፋብሪካዎችም ወንዙን ለመርከስ እንዳበቁት፣ የጎጃምም ፈተና እዚሁ መካከል ነው።

ቡሬ ላይ የተገነባው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ የአካባቢው የእርሻ ምርት በአካባቢው ፋብሪካ መለወጥ እንደሚችል በዓይን ታይቷል። ፓርኩ የታሰበው ለምግብ ምርት ነው፤ እንጨት ግን የጎጃም ገበሬ ከሚያመርታቸው ትልልቅ ሰብሎች አንዱ ሆኗል፣ አንድ ቀን ፐልፕ እናድርገው የሚል መምጣቱም አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ዘዴው ያለ ድኝ ቢሆን ይሻላል፤ ዛፉ ሰፊ ቅጠል ነው፣ ኬሚካሉ ከሀገር ነው፣ በከተማ አጠገብ ቢተከልም ነዋሪውን በክፉ ጠረን አያባርርም፤ የሚጠበቅበት ወረቀትም የተማሪ ደብተር እንጂ የሲሚንቶ ከረጢት መሆን የለበትም። በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህና በጃቢ ጠህናን ወረዳ የሚወርደው ብር ግን ሁለቱም ወደ ዓባይ የሚገቡ፣ ከብት የሚጠጣባቸው፣ መስኖ የሚቀዳባቸው ወንዞች ናቸው። በእነዚህ ወንዞች ዳር ፐልፕ ለመቀቀል የሚያቅድ ባለሀብት የሚያቀርበው ሰነድ ጥቁሩን ፈሳሽ አቃጥሎ ሶዳውን የሚመልሰውን ምድጃ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካላሳየ፣ ፈቃድ ሰጪው ወረቀቱን መልሶ ይላክለት።